ቱሪዝሙ ወደ ገጠር ሲወጣ ውሉ ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በግንብ የተከበበው የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ ጁገል፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ የኢሳ ሶማሌ ባህላዊ ሕግ የሆነው ሄር ኢሳ ደግሞ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈሩ። ይህ ለምሥራቁ ሕዝብ ትልቅ ደስታ ነው። አሁን ደግሞ ጎብኚው ከጁገል በሮችና ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር አልፎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እንዲወጣ በየመድረኩ ይነገራል። የቆረሚ የአርጎባ መንደር፣ የለገ ኦዳ የድንጋይ ላይ ሥዕል፣ የኤረር ሸለቆ፣ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል። በገጠር ልማትና በጉብኝት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። የሚያሳስበን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ንድፍ ይወጣል፣ መንገድ ይቀየሳል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፤ መሬቱን፣ ውሃውንና ገቢውን በተመለከተ ከነዋሪው ጋር መደረግ ያለበት ውል ግን «በሂደት ይስተካከላል» ተብሎ ይታለፋል። ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ገበሬው የመደራደር አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ከመጀመሪያው ስብሰባ እንጀምር።

የምክክር ስብሰባ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ለባለሙያው መኪና በሚመች ሰዓት ነው። ረፋድ ላይ ሴቶች ውሃ ቀድተው አልተመለሱም። የገበያ ቀን ከሆነ ቤቱ ባዶ ነው። በበጋ ከሆነ ከብት ይዘው ወደ ቆላ የወረዱት ቤተሰቦች አይገኙም። የሚቀርበው ወረቀት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲሆን አድማጩ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪኛ ተናጋሪ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው የፊርማው ነገር ነው። ሰዎች ለአበልና ለመገኘታቸው ማረጋገጫ የፈረሙበት ዝርዝር ኋላ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ለሚለው ዐረፍተ ነገር ማስረጃ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የተገኙ ሰዎች ዝርዝርና የተስማሙ ሰዎች ዝርዝር በሁለት የተለያየ ወረቀት ላይ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ምን እንደሚፈረም በነዋሪው ቋንቋ ይጻፍ፤ ፊርማ ከመሰብሰቡ በፊት ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ያልተስማማ ሰውም ከነምክንያቱ ይመዝገብ። ስብሰባው ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ሳምንታት ተሰጥተው ይደረግ፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከአፎሻው (እንደ ዕድር ካለው የመረዳጃ ማኅበሩ) ጋር ሳይመክር የሚሰጠው መልስ ለራሱም አይጸናለትም። ካርታውም በግድግዳ ላይ ብቻ አይታይ። ችካል ተይዞ ወሰኑ በእግር ይዞር፤ ሎጁ የቱ ጋ፣ የመኪና ማቆሚያው የቱ ጋ፣ አጥሩ በየትኛው የከብት መንገድ ላይ እንደሚያልፍ ገበሬው በዓይኑ ይይ።

ይህ ልመና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ተፅዕኖው የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው እንዲካተት ያዛል።

መሬትን በተመለከተ የሐረርጌ ገበሬ ይዞታ ጠባብ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ጫት በመደዳ ተተክሎ፣ በመካከሉ ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ባቢሌ ከሆነ ለውዝ ይዘራል። በመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ሳያገኝ ይዞታው በቋሚነት ለሚወሰድበት የገጠር ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሳ የሚሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ በሆነው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለወጣለት ገበሬው አሁን የሚሠራበትን ዝርዝር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ። ስሌቱ በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ «የዓመት ገቢ» የሚለው ላይ ነው። ጫት ማሳው ላይ እያለ፣ ያለ ደረሰኝ፣ በቃል ስምምነት ይሸጣል። ገማቹ ሲመጣ የሚያሳየው ሰነድ የሌለው ገበሬ በወረዳው አማካይ ምርትና ዋጋ ይገመትለታል። መስኖ ያለውና በዓመት ደጋግሞ የሚቆርጠው ማሳ፣ ዝናብ ከሚጠብቀው ማሳ ጋር እኩል ይሆናል። በ15 የሚባዛውም ይህ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ስለዚህ መሬት ሊወሰድ ነው የሚለው ወሬ እንደተሰማ እያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ይያዝ፤ የተቆረጠበት ቀን፣ ስንት ዙርባ (የጫት እስር) እንደወጣ፣ በስንት ብር እንደተሸጠ፣ የገዢው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። የቀበሌው ግብርና ባለሙያ በየሦስት ወሩ አይቶ ይፈርምበት። የጫቱ ግንድ ቁጥርና ዕድሜም ይመዝገብ፤ ቋሚ ተክል ለብቻው ይገመታልና።

የጋራ ግጦሽ ደግሞ የማንም ስም ስለሌለበት በመጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው፤ «ባዶ መሬት» ተብሎ። አዋጁ የጋራ ይዞታ ካሳ ከመሬቱ ሲገኝ በነበረው ጥቅም ወይም በቀረው ጥቅም መሠረት እንዲሰላ ይፈቅዳል፤ ግን ስንት ከብት፣ በየትኛው ወራት፣ ስንት ሸክም ማገዶ፣ ስንት ቀፎ ማር የሚለውን ቀድሞ የጻፈ ሰው ከሌለ ምንም አይከፈልም። ካሳው ሲከፈልም በባልና በሚስት የጋራ ሒሳብ ይግባ። በቤተሰቡ ራስ ስም ብቻ የገባ ጥሬ ገንዘብ መሬቱን አብራ ስታርስ ለኖረችው ሴት የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ውሃን በአጭሩ በቁጥር እናሳይ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ንጹሕ ውሃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ሻወር፣ በውሃ የሚሠራ መጸዳጃና የአንሶላ አጠባ ያለው አንድ የሎጅ ክፍል በቀን 200 ሊትር በቀላሉ ይወስዳል። ሃያ ክፍል ቢሞላ 4,000 ሊትር፣ ማለትም የ160 ሰው ድርሻ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየ አካባቢ ይህን ሒሳብ ችላ ሊል አይገባም። ስለዚህ ውሉ ላይ ይህ ይስፈር፤ ባለሀብቱ ከሎጁ መስመር በፊት የመንደሩን ቦኖ ያስገባል፤ ሁለቱም መስመር ቆጣሪ ይኖረዋል፤ የጉድጓዱ መጠን ሲወርድ መጀመሪያ የሚዘጋው የሎጁ ነው፤ ቁልፉም በመንደሩ የውሃ ኮሚቴ እጅ ይቀመጣል። የጣሪያ ውሃም አይናቅ። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚያገኘው የድሬዳዋ አካባቢ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ የሚባክነው ሲቀነስ እንኳ፣ ወደ 48,000 ሊትር ይሰበስባል። ታንኩ ግን የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይዞ ወደ ውጭ የሚፈስበት መቀየሪያ ቧንቧ ከሌለው በአንድ ክረምት ይበላሻል።

ወደ ለገ ኦዳ እንሂድ። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ ባለው በዚህ ጥላ ድንጋይ (ከአለት ሥር ያለ መጠለያ) ላይ ያሉት የከብትና የሰው ሥዕሎች ሺህ ዓመታትን የተሻገሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥላ ድንጋይ ለእረኛ ግን የዝናብ መጠለያና የፍየል ማሳደሪያ ነው። ቅርስ ጥበቃ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው አጥር ነው። አጥሩ ሲቆም እረኛው ጥላውን ያጣል፤ ካሳ የለውም፤ ያ ቦታ ለእሱ የቀድሞ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት አጥር ይሆንበታል። ሽቦው ሲቆረጥ፣ ጠባቂው ሲደበደብ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍየል ግድግዳውን ታክካለች፣ አቧራና ጢስ ቀለሙን ይሸፍናል፤ ስለዚህ መለየቱ ተገቢ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይገልበጥ፤ በመጀመሪያ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ጣሪያና የውሃ ገንዳ ያለው በረት ይሠራ፤ እረኞቹ ራሳቸው ቦታውን ይምረጡ፤ አንድ የዝናብ ወቅት ይጠቀሙበት። አጥሩ ከዚያ በኋላ ይቁም። ጠባቂዎቹም ቦታውን ሲጠቀሙበት ከኖሩት ቤተሰቦች ይቀጠሩ። ለአስጎብኚዎችም አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ሥዕሉ ለፎቶ እንዲደምቅ ውሃ መርጨት ፈጽሞ ይቅር። ውሃው ሲደርቅ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ወደ ላይ ያወጣል፤ ጨው ሲከማች ቀለሙን ይዞት ይላጣል። በእጅ መንካትም እንዲሁ ነው።

አሁን መንደሩን ለክፉ የሚዳርገው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ ገንዘቡ።

ጎብኚ መምጣት በጀመረ መንደር የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ቋንቋ የሚሞክሩ ጥቂት ወጣቶች መኪና ሲቆም ቀድመው ይሮጣሉ። ቤቱ መንገድ ዳር የሆነ ሰው ቡና ያፈላል፤ ሽቅብ ያለው ቤት አቧራውንና ጫጫታውን እንጂ ብሩን አያይም። ወር ሳይሞላ በወንድማማቾች መካከል ጠብ ይነሳል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንዱ ጎጥ ከሌላው ቀብር እስከመቅረት ይደርሳል። አንድ ማኅበር አቋቁሞ ተራ ማስያዝ ይህን ያቀላል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ቢያገኝ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከባለሀብትና ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ውል መፈረም ይችላል። ነገር ግን ተራው እንዴት እንደሚቆጠር ካልታሰበበት ማኅበሩ ራሱ የጠብ ምንጭ ይሆናል።

ተራ በቀን አይቆጠር። ጎብኚ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓል ይበዛል፤ ማክሰኞ የደረሰው ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ቅዳሜ የደረሰው አምስት ቡድን ያስተናግዳል። ተራ በእንግዳ ቡድን ይቆጠር፤ አንድ መኪና፣ አንድ ተራ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል በየጎጡ በዕጣ ይውጣ። ለቀብር፣ ለወሊድ ወይም ለሕመም የቀረ ሰው ተራው ይጠበቅለት፤ ያለ ምክንያት የቀረ ወደ መጨረሻ ይሂድ። አስጎብኚ፣ ቡና አፍይ፣ አህያ አከራይ፣ የቅርስ ጠባቂ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዝርዝር ይኑራቸው፤ አንድ ቤተሰብ በሁለት ዝርዝር ውስጥ አይግባ። በዝርዝሩም የባል ስም ብቻ ሳይሆን የሚስትም ይጻፍ፤ የቡናው ክፍያ ቡናውን ላፈላችው በእጇ ይሰጥ። መዝገቡን የሚይዘው ሰው በተራው ውስጥ የሌለ፣ ለምሳሌ ደመወዝ የሚከፈለው ጸሐፊ ይሁን። የሳምንቱ መዝገብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለወንዶቹ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሴቶች በሚሰበሰቡበት ቦታ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ይህን ያህል ግልጽ ሲሆን ሐሜቱ ቦታ ያጣል።

የመግቢያ ትኬቱ ተከታታይ ቁጥር ያለውና ሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለእንግዳው፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው። ገንዘብ የሚጠፋው ከካዝናው ሳይሆን ከበሩ ላይ ነው። ከከተማ የመጣው አስጎብኚ አሥር ሰው ይዞ ገብቶ «የስድስት ቁረጥልኝ» ይላል፤ ልዩነቱን በሩ ላይ ካለው ልጅ ጋር ይካፈላሉ። ይህን የሚያጋልጠው ከትኬት ሻጩ የተለየ ሰው፣ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ የመኪናውን ታርጋና የሰውን ቁጥር ሲመዘግብ ነው። በወሩ መጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ይተያዩ፤ የተመዘገበው ሰው፣ የተቆረጠው ትኬት፣ ባንክ የገባው ብር። ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ በዚያው ወር ይጣራ፤ ዓመት ከቆየ ማንም አያስታውሰውም።

ክፍፍሉን በተመለከተ ለምሳሌ ያህል ከአንድ ቡድን 1,000 ብር ቢገባ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። 600 ብር በዕለቱ ላገለገሉት በተራቸው፤ 200 ብር ለጥበቃና ለጥገና፤ 150 ብር ለመንደሩ የጋራ ጉዳይ፣ ማለትም ለትምህርት ቤት ወንበር፣ ለጤና ኬላ መንገድ፤ 50 ብር ለመዝገብ፣ ለትኬት ኅትመትና ለሒሳብ ምርመራ። የጋራው ድርሻ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ አይቀመጥ። ሥራ ያልታየበት ገንዘብ ጥርጣሬ ይወልዳል። በየስድስት ወሩ ምን እንደተሠራበት በዓይን የሚታይ ነገር ይኑር። ባንክ ለማውጣት ሦስት ፈራሚ ያስፈልግ፤ አንዷ ሴት ትሁን።

ብሩ መንደር የማይደርስበትም ምክንያት አለ። እንግዳው ጉዞውን የሚከፍለው አዲስ አበባ ወይም ሐረር ላይ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሐረር ተነሥቶ ለምሳ ሆቴሉ ይመለሳል። ቆረሚ ላይ የሚቀረው የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአስጎብኚ ድርጅቶች ጋር በሚደረገው ውል ምሳና ቡና መንደር ላይ እንዲሆን ይጻፍ። የሚቀርበውም አካባቢው ያለው ነው፤ ሆጃና ቁጢ (ከቡና ገለባና ቅጠል የሚፈሉ መጠጦች)፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ማር፣ የማሽላ እንጀራ። ማደሪያ ከታሰበም ከሃያ ክፍል ሎጅ በፊት ሦስት ቤት፣ ስድስት አልጋ ይሞከር። በጭቃ የተያያዘውን የቆየ የድንጋይ ቤት ለእንግዳ ለማሳመር በሲሚንቶ መምረግ ግን ስሕተት ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን ወደ ውስጥ ያፍነዋል፤ ጭቃው ይለሰልሳል፤ ግድግዳው ከጥቂት ክረምት በኋላ ሆዱ ይነፋል። ጥገናው በራሱ በጭቃው፣ ሥራውን በሚያውቁ የመንደሩ ሰዎች ይሠራ፤ ይህም ሌላ የገቢ መንገድ ነው።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ደንብ ብቻ በቂ ነው፤ በጥብቅ ከተያዘ። ለልጅ በእጁ ብር፣ እስክሪብቶ፣ ከረሜላ አይሰጥም። መስጠት የፈለገ እንግዳ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያኑር። አንድ ልጅ መኪና ተከትሎ ሮጦ የሚያገኘው አሥር ብር ከአባቱ የቀን ሥራ ጋር መወዳደር ከጀመረ ክፍል ውስጥ ማቆየት ያስቸግራል። ደንቡ በትኬቱ ጀርባ ላይ ይታተም፤ አስጎብኚውም መኪናው ሳይቆም ይንገራቸው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ በአስጎብኚነት አይሥራ። በዚያው ጀርባ ላይ ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት፣ በረመዳን በአደባባይ መብላትና ማጨስ፣ መጠጥ ይዞ መግባት እንደማይቻል ይጻፍ። መንደሩ ቀብር ላይ በሆነ ቀን ጉብኝት ይዘጋ፤ ጉብኝት ያስያዘው አስጎብኚ ድርጅት በስልክ ይነገረው።

የባቢሌው ጉዳይ የራሱ ጠባይ አለው። መጠለያው በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ላይ ያርፋል። በውስጡም ሰው ይኖራል፣ ይዘራል፣ ያረባል። በበጋ ዝሆኑም ከብቱም የሚወርዱት ወደ ኤረርና ወደ ጎቤሌ ወንዞች ነው። ጎብኚ ዝሆን እንዲያይ ሎጅ ወንዝ ዳር ሲሠራ የሚዘጋው ይኸው መውረጃ ነው። መውረጃ ያጣ ዝሆን በማሽላው በኩል ያልፋል፤ መውረጃ ያጣ ከብት ወደ ሌላው ጎሳ ውሃ ይሄዳል፤ ሁለቱም ደም ሊያፋስሱ ይችላሉ። ማንኛውም ግንባታ ከመውረጃዎቹ ርቆ፣ መውረጃዎቹን በሚያውቁ ከብት አርቢዎች ምልክት ከተደረገ በኋላ ብቻ ይፈቀድ። ሰብሉ የተበላበት ገበሬ ደግሞ ዝሆኑን ለማየት ከሚከፈለው ላይ ድርሻ ይኑረው። ጉዳቱ በደረሰ ማግስት፣ ዱካው ሳይጠፋ፣ የቀበሌው ባለሙያና ሁለት ጎረቤቶች ማሳውን ለክተው ይፈርሙ፤ ክፍያው ከሚቀጥለው ዘር ወቅት በፊት ይድረስ። ከዚያ ከዘገየ ገበሬው የሚዘራው የለውም፤ ዝሆኑንም ከዚያ ወዲያ በበጎ ዓይን አያየውም።

የሐረሪ ክልል፣ የድሬዳዋ አስተዳደርና የአጎራባች ወረዳዎች ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ለገጠር ቀበሌዎች የተዘጋጀ የጉብኝት ልማት ዕቅድ ካላቸው ካርታውንና የውሉን ረቂቅ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ በነዋሪው ቋንቋ ቢለጥፉ፣ አስተያየት የሚሰጥበትንም የመጨረሻ ቀን ቢያስታውቁ እንጠይቃለን። ቀኑ በአጨዳ ወራት ላይ አይዋል፤ ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን፤ ሰው ተቀምጦ የሚያዳምጠው ያን ጊዜ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
በገጠር ልማትና በጉብኝት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎች
ሐረር